ጥሎት ነው ወይስ ወድቆበት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የነሐሴው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከው የልጅ ልጄ ዳቦውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጭቃ የነካው ማዳበሪያ በሁለት እጁ እየጎተተ በር ላይ ደረሰ። 11 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን እኛ ዘንድ ያሳልፋል።

«አባባ፣ ዛሬ ዕድለኛ ነኝ!» አለኝ። ማዳበሪያውን መሬት ላይ ሲያሳርፈው ብረት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

ያገኘው ከኮንዶሚኒየማችን በታች፣ ታክሲ ከሚጠበቅበት መጠለያ ወንበር ሥር ነው። ዝናቡን ተጠልለው የቆዩት ሰዎች ታክሲ ሲመጣ ተሻምተው ገቡ፤ ማዳበሪያው ብቻውን ቀረ። ልጁ ከዳቦ ቤት ሲመለስ አየው፤ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ የሚጠይቅ ሰው ሲያጣ አነሳው።

ቤተሰቡ በአንዴ ዳኛ ሆነ። ልጇን ልታይ የመጣችው እናቱ፣ «የሰው ዕቃ ነው፤ አሁኑኑ ካነሳህበት መልስ» አለችው። ታናሹ ልጄ ሳቅ ብሎ፣ «ነገ ቁራሌው ሲመጣ ደህና አድርጎ ይገዛዋል» አለ። ባለቤቴ ደግሞ፣ «ምን እንደሆነ ሳታዩ ምን ያከራክራችኋል?» ስትል ሁሉንም ተቆጣች። ልጁ ግን መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው።

«እኔ አልሰረቅኩም» አለ። «ሰው ጥሎት ነው።»

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይህች «ጥሎት ነው» የምትል ቃል ናት። በቋንቋችን መጣል ሁለት ነገር ነው። አንድ ሰው «ገንዘብ ጣልኩ» ሲል ፊቱ ጠቁሮ ነው። ያው ሰው «ቆሻሻ ጣልኩ» ሲል ደግሞ ተገላግሎ ነው። በአንዱ ዕቃው ከእሱ ጠፍቷል፤ በሌላው እሱ ራሱ ዕቃውን ትቶታል። ልጁ የያዘው ማዳበሪያ የየትኛው ነው? ያዘነ ሰው ነው ወይስ የተገላገለ ሰው? መንገድ ላይ ያገኘነውን ዕቃ እንያዘው ወይስ አንያዘው ከማለታችን በፊት መመለስ ያለበት ይህ ነው። እኛ ቤት ግን ጥያቄው ከልጁ አልፎ እኔም ዘንድ እንደሚደርስ ያን ዕለት አላወቅሁም።

ዕቃው ራሱ ይናገራል

መጀመሪያ የተናገርኩት ስለ ባለቤቱ አልነበረም። ልጅ ያላወቀውን ማዳበሪያ ከመንገድ አንስቶ ቤት ማምጣቱ ራሱ አስደንግጦኛል። ውስጡ ስለት፣ ኬሚካል፣ ሌላም ጣጣ ሊኖር ይችላል። በተለይ ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ልጆች ያላወቁትን ብረት ሲነኩ ሕይወታቸውንና አካላቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት፣ «አይተህ ጥራን እንጂ አትንካ» የሚል ሆነ። ይህን ብዬ ሳበቃ አሮጌ ጋዜጣ መሬት ላይ አነጠፍንና ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣን።

የግንበኛ ማንኪያ ወጣ። መዶሻ፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ በአጭር እንጨት ላይ የተጠመጠመ ሲባጎ፣ በአሮጌ ጨርቅ የተጠቀለለ ውሃ ልክ፣ በመጨረሻም ባዶ ምሳ ዕቃ።

ልጁን አጠገቤ አስቀመጥኩትና፣ «እስቲ ዕቃውን ጠይቀው» አልኩት። ማንኪያውን አገላብጦ አየ። ብረቱ ታጥቧል፤ የሲሚንቶ ቅራፊ እንኳ የለበትም። ግንበኛ ሥራውን ሲጨርስ ማንኪያውን ሳያጥብ አይሄድም፤ ሲሚንቶ ከደረቀበት ብረቱ ይሻክራል፤ በማግስቱም አልታዘዝ ይላል። እጀታው የሰው መዳፍ ከሚያርፍበት ላይ ጎድጉዷል፤ እንዳያንሸራትት በጥቁር የጎማ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ሲባጎው አልተወሳሰበም። ውሃ ልኩ በጨርቅ የተጠቀለለው እንዳይጋጭ ተብሎ ነው።

«ሊጥለው ያሰበ ሰው በጨርቅ ይጠቀልለዋል?» አልኩት።

ዝም አለ።

«ምሳ ዕቃውስ?»

«ነገም ምሳ ሊይዝበት ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የተከራከረ የለም። የተጣለ መሣሪያ ሌላ መልክ አለው። ዝገት በልቶታል፤ እጀታው ተሰብሯል፤ ከቆሻሻ ጋር ተቀላቅሏል፤ ወራት ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበታል። የወደቀ መሣሪያ ግን ትናንት የተሠራበትና ነገም ሊሠራበት የነበረ ነው። ልጅ ይህን በዓይኑ አይቶ እንዲለይ ማድረግ «መልስ!» ብሎ ከመጮህ ይሻላል። ሁላችንም «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» የሚለውን ተረት ሰምተን አድገናል፤ ለልጆቻችንም ነግረናል። የእኛ ልጅ ግን እንቁላል አልሰረቀም። ዕቃ አግኝቷል። የሚያስፈልገው ቅጣት ሳይሆን የሚለይበት ዓይን ነበር።

የወጥ ቤቱ መፍቻ

ዕቃውን ወደ ማዳበሪያው ስንመልስ ልጁ ድንገት ቀና አለ።

«አባባ፣ የወጥ ቤቱ መፍቻስ? እሱን ሰውዬው ጥሎት ነው ወይስ ወድቆበት ነው?»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጋዜጣውን ማጠፍ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ ዋዜማ የወጥ ቤታችን ቧንቧ ፈነዳ። አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ በሰው በሰው አግኝተን ጠራነው። ማታ መጥቶ በፍጥነት ሠራልን፤ ሌላ ቤት እየጠበቁት ስለነበር ሒሳቡን ተቀብሎ እየሮጠ ወጣ። በማግስቱ ባለቤቴ ከጋዝ ሲሊንደሩ ጀርባ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ አገኘች።

በመጀመሪያው ሳምንት «ሲያጣው ራሱ ይመጣል» አልን። ወር ሲሞላው «ሌላ ገዝቶ ይሆናል» አልን። ዓመት ሲሞላው ምንም አላልንም። በዚህ መሃል መፍቻው ስሙን ለወጠ። መጀመሪያ «የልጁ መፍቻ» ነበር። ቀጥሎ «ያ መፍቻ» ሆነ። በመጨረሻ «መፍቻችን» ተባለ። ጎረቤት ቧንቧ ሲያስቸግረው «እስቲ መፍቻችሁን አውሱኝ» እያለ ይወስዳል፤ ተጠቅሞ ሲመልስ እኛ ይመሰገናል። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ይህን ዕቃ እንውሰድ ብሎ አልመከረም። ዕቃው ግን ከሰው እጅ ወደ እኛ ቤት ተሻግሮ ቀርቷል። የሰውየው ስልክ ቁጥርም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከስልኬ ላይ አልጠፋም ነበር።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ፣ «እናየዋለን» የሚል ብቻ ነበር። አዋቂ መልስ ሲያጣ የሚላት ቃል ናት። ልጆችም ያውቋታል።

ከጥንትም የተባለ ነው

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለ ወደቀ ዕቃ የተጻፈውን ሳስብ አመሸሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱን «መጣል» ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ባለቤት የሌለውን የሚንቀሳቀስ ዕቃ የራሴ ላድርግ ብሎ የያዘ ሰው የዕቃው ባለቤት ይሆናል። የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ግን ማግኘቱን በደንቡ መሠረት ማስታወቅና ዕቃውን መጠበቅ አለበት። ያገኙትን የሰው ዕቃ የራስ አድርጎ ማስቀረትን የወንጀል ሕጉም በጥፋት ያየዋል። «አገኘሁት» ማለት ብቻውን «የእኔ ነው» ማለት አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወንድምህን የጠፋ በሬ ወይም በግ፣ ልብስም ሆነ ሌላ ዕቃ አይተህ እንዳላየህ አትለፍ ይላል። ባለቤቱን ካላወቅኸው ወደ ቤትህ ወስደህ እስኪፈልገው ድረስ ታቆይለታለህ። በእስልምና ደግሞ የወደቀ ዕቃ «ሉቀጣ» ይባላል። ያገኘው ሰው ዕቃው የተያዘበትን ከረጢትና ማሰሪያውን ልብ ብሎ እንዲያይ፣ ከዚያም ለአንድ ዓመት እንዲያስታውቅ ታዟል። ከዓመት በኋላ ቢጠቀምበት እንኳ ባለቤቱ ከመጣ ሊመልስለት ይገባል።

የሥራ መሣሪያ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በዚያው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪ የሰውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ተከልክሏል፤ ወፍጮውን መውሰድ የሰውየውን ሕይወት እንደ መውሰድ ስለሆነ ነው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 ደግሞ ከነቢያት ልጆች አንዱ በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከውኃ ውስጥ ይገባበታል። የጮኸው ብረቱ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም። የተዋሰው የሰው ዕቃ ስለነበር ነው። ኤልሳዕም ብረቱን ከውኃው በላይ አንሳፈፈለት። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያ መፍቻ ግን የተውሶ ሊሆን ይችላል ብዬ ለሁለት ዓመት አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁሉን የማይናገር ማስታወቂያ

እሑድ ጠዋት ከልጁ ጋር ማስታወቂያ ለመጻፍ ተቀመጥን። እሱ ዝርዝሩን በሙሉ ሊጽፈው ፈለገ፤ ማንኪያ፣ መዶሻ፣ ቱንቢ፣ በጎማ የተጠመጠመ እጀታ። እኔ አስቆምኩት። «ምልክቱን ሁሉ እኛ ከነገርናቸው ባለቤቱን በምን እንለየዋለን?» አልኩት። በመጨረሻ የጻፍነው አጭር ነበር፤ «የሥራ መሣሪያ የያዘ ማዳበሪያ ወድቆ ተገኝቷል። ምልክቱን የሚናገር ሰው የግቢውን ጥበቃ ያነጋግር።» የቤት ቁጥራችንን አልጻፍንም፤ የልጁንም ስም አልጻፍንም።

አንዱን ወረቀት መጠለያው ላይ፣ አንዱን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ለጠፍን። ከወረቀቱ ይልቅ የሠራው ግን አፍ ነው። ለታክሲ ተራ አስከባሪዎቹ ነገርናቸው። ከመንገዱ ማዶ ላለው የሕንፃ ሥራ ዘበኛም ነገርነው። ዕቃ የጠፋበት ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እነዚህን ሰዎች ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ የሚመጣ ከሌለ ለፖሊስ ጣቢያ አስረክበን፣ ያስረከብንበትን ወረቀት ልንቀበል ተስማማን። እስከዚያው ዕቃው አደራ ነው፤ አይነካም።

ልጁ ግን ውሃ ልኩን ነካ። ጠረጴዛችን ወደ ግራ ያዘነበለ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ሳምንት ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የመስኮቱ ደፍ ሁሉ ተለካ። ተቆጣሁት፤ ሆኖም ለምን እንደጓጓ ገብቶኛል።

ሰኞ ማታ አንድ ሰው መጣ። ጥበቃው ጠርቶኝ ወረድኩ። «የእኔ ነው፤ መዶሻ፣ ማንኪያ፣ ሜትር አለበት» አለኝ። ይህን ማንም ሰው ሊገምት ይችላል። «የማንኪያው እጀታ ምን ይመስላል?» ስለው፣ «ያው እንደማንኛውም እጀታ ነው» ብሎ ትንሽ ቆመ፤ «እንግዲህ የሌላ ሰው ይሆናል» ብሎም ሄደ። ልጁ «ሌባ ነው!» ሲል ዝም አሰኘሁት። ምናልባት የእሱም ዕቃ የሆነ ቦታ ጠፍቶበት ይሆናል። ምልክት የምንጠይቀው ሰውን ለማሳፈር አይደለም፤ ዕቃው ከእጃችን ሲወጣ ወደ ትክክለኛው እጅ እንዲገባ ነው።

ሦስት ቀን ድንጋይ

ባለቤቱ የመጣው ረቡዕ ማታ ነው። የላከው አንዱ ተራ አስከባሪ ነበር። ከሃያ አምስት የማይበልጥ ወጣት ግንበኛ ነው፤ ጫማው በኖራ ነጭቷል። ገና ሳልጠይቀው፣ «አባቴ፣ ማንኪያው በጥቁር ጎማ ተጠምጥሟል። የውሃ ልኩ የዳር ብርጭቆ ደግሞ ስንጥቅ አለበት» አለኝ። ስንጥቁን እኛ አላየነውም ነበር። ልጁ ሮጦ ወጥቶ አይቶ ተመለሰ፤ «አለው! ቀጭን መስመር አለው!»

ቤት አስገብተን ሻይ አቀረብንለት። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ታክሲ ውስጥ ስትገባ ዘንቢሏን አቀብሎ፣ ከኋላ ሲገፉት እሱም ገብቶ ሄደ። ማዳበሪያውን ያስታወሰው ሲወርድ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቦታው ባዶ ነበር።

«ከዚያ ወዲህስ እንዴት ዋልክ?» አለችው ባለቤቴ።

«ድንጋይ ተሸከምኩ፣ እማማ» አለ። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞች ቆመው ሥራ በሚጠብቁበት ቦታ ቀጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እጅህን ነው፤ ማንኪያና ውሃ ልክ የያዘ ለግንበኝነት ይጠራል፤ ባዶ እጁን የቆመ ለሸክም። ክፍያውም እንደዚያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሙያው እጁ ላይ እያለ፣ መሣሪያው ስለሌለው ብቻ፣ እሱ ሊገነባው የሚችለውን ግንብ ሌላ ሰው ሲገነባው ድንጋይ አቀባይ ሆኖ ዋለ። ሌላ ልግዛ እንዳይል የሸክም ክፍያ ለዚያ አይተርፍም። «ከእጅ አይሻል ዶማ» እንላለን፤ ለዚህ ልጅ ግን ከባዶ እጅ በጣም የሚሻል ማንኪያ ነበር።

ሲወጣ ከኪሱ ብር አውጥቶ ለልጁ ዘረጋ። ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። «ብሩ ይቅር» አለ ልጁ፤ «ያ በገመድ የታሰረው ብረት ምን እንደሚሠራ አሳየኝ።» ወጣቱ ሳቀ። ቱንቢውን በራችን ላይ አንጠልጥሎ፣ መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቀው፣ የበሩ መቃን ከሲባጎው ጋር እኩል አለመሄዱን አሳየው። ጠረጴዛው ብቻ ሳይሆን በራችንም ጠማማ ነው። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ውሃ ልኩን በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ፣ መርቆን ሄደ።

ልጁ በሩን ዘግቶ፣ «ውሃ ልኩን ግን ወድጄው ነበር» አለ። ደስም ብሎታል፤ ከፍቶታልም። እውነተኛ መመለስ እንዲህ ነው መሰለኝ። የማንፈልገውን ዕቃ መመለስማ ማን ያቅተዋል?

ለሁለት ዓመት ያልደወልኩት ስልክ

ከዚያ በኋላ «እናየዋለን» ማለት አልቻልኩም። ሐሙስ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኛውን ደወልኩለት። ቤቱን ስነግረው ወዲያው አስታወሰ። መፍቻው እኛ ዘንድ እንዳለ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ የእኔ እኮ አልነበረም» አለኝ። «የምሠራለት ሰውዬ ነበር። ከደመወዜ ቆረጠው።»

የመጥረቢያው ታሪክ እንዳለ መጣብኝ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅኸንም?» አልኩት።

«እናንተ ቤት የቀረ መስሎኝ ነበር። ግን በዚያን ቀን ሦስት ቤት ሠርቻለሁ። መጥቼ ብጠይቅና ባይኖር ሌባ ያልኳችሁ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ሁለተኛም ሥራ አትሰጡኝም።»

ይህን እስክሰማ ድረስ «ቢፈልገው ኖሮ ይመጣ ነበር» የሚለው ምክንያት በቂ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ዕቃውን ሳይፈልገው ቀርቶ ብቻ አይደለም የማይመጣው። በር የሚያንኳኳው ሠራተኛና በሩን የሚከፍተው ባለቤት እኩል ድፍረት የላቸውም። ዝም ማለቱን እኛ «ትቶታል» ብለን ተረጎምነው፤ እሱ ግን ፈርቶ ነበር። በሰው ቤት የቀረ መሣሪያ ላይ የመጀመሪያውን ስልክ መደወል ያለበት ዕቃው ያለበት ሰው ነው፤ የጠፋበት ሰው አይደለም።

በዚያው ቀን መጥቶ ወሰደው። የተቆረጠበትን ልክፈልህ ብለው «መፍቻው ይበቃኛል» አለ። ባለቤቴ ግን አልለቀቀችውም። «በዕቃህ ሁለት ዓመት ሠርተንበታል፤ የኪራዩ ነው» ብላ ጨበጥ አደረገችው። ልጁ ጥግ ላይ ቆሞ ሁሉንም ያይ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ እኔም ምንም አላስረዳሁትም።

ታዲያ መቼ ነው የራሳችን የሚሆነው?

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቤታችን አንድ ልማድ ጀመረ። ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት አብረን ዕቃውን እንቆጥራለን፤ ከሲሊንደሩ ጀርባም እናያለን። ይህ እሱንም እኛንም ከጥርጣሬ ያድናል። መንገድ ላይ ለሚገኝ ዕቃም አራት ጥያቄ አለን፤ የት ነበር? በምን ሁኔታ ላይ ነው? ባለቤቱን ሊያውቅ የሚችል ማን ነው? ስንት ጊዜ ጠበቅን? መልሱ ሁሉ «የተጣለ ነው» የሚል ከሆነ ብቻ ነው እጃችን የሚዘረጋው።

የተጣለ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ማንሳት ነውር የለበትም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ያበቃለትን ብረት ሌላው ቀጥቅጦ፣ አቃንቶ፣ ወፍሮት ከሆነ አሳስቶ እንደገና ለሥራ ያበቃዋል።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጁ ከግቢያችን የቆሻሻ ገንዳ ጎን እጀታ የሌለው የመዶሻ ራስ አየ። በዚህ ጊዜ አላነሳውም፤ መጥቶ ጠራኝ። አብረን ወርደን አየነው። ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ጥበቃውን ጠየቅነው። «አንዱ ተከራይ ቤት ሲለቅ ከጣለው ቆሻሻ ጋር ነው የወጣው፤ ሰውየው እዚሁ እኔ ፊት ነው የጣለው» አለን። አሁን «ጥሎት ነው» የሚለው ቃል በትክክለኛ ቦታው ዋለ።

ብረቱን አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍነው። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው፤ በውሃ አለቅልቀን ወዲያው አደረቅነው፤ ዘይት ቀባነው። ለእጀታው የወይራ እንጨት ገዛንለት፤ ወይራ ጠንካራ ነው፤ ምትን ይችላል። እንጨቱን አስገብተን አናቱን በትንሽ ሽብልቅ ወጠርነው፤ ብረቱ ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ ይህ የግድ ነው። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራበት፤ ጣቱንም አንዴ ቀጠቀጠ።

ሲያልቅ እጀታው ላይ በምስማር ጭረት መጻፍ ጀመረ። ስሙን የሚጽፍ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ የእናቱን ስልክ ቁጥር ነው።

«ለምን ስምህን አልጻፍክም?» አልኩት።

«ስም ብቻ ከሆነ በምን ያገኙኛል?» አለኝ። «ቢወድቅብኝ ያገኘው ሰው ይደውል።»